በደሴ ለምንጦራቸው አረጋውያን በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰብ፦ ከየት እንጀምር?

የሸዋ በሯ
ታኅሣሥ 18፣ 2018፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ውስጥ 43 አረጋውያን በአንድ ኪራይ ግቢ የሚጦሩበት ትንሽ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሥራው በበጎ ፈቃድ ነው፤ ቀን ቀን ሌላ ቦታ እሠራለሁ። ከአረጋውያኑ ገሚሶቹ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ከሰሜን ተፈናቅለው የመጡና እዚሁ የቀሩ ናቸው። ሌሎቹ የዚሁ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸው ወይ ሞተዋል ወይ ዓረብ አገር ናቸው።

እስካሁን የኖርነው በእጅ በሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። ሰኞ ገበያ ሣጥን ይዘን እንዞራለን፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንቆማለን። ለሦስት ዓመት ዱቄቱን የቻሉልን አንድ ነጋዴ ነበሩ። ዘንድሮ ሥራቸው ተቀዛቀዘና ራሳቸው ግቢው ድረስ መጥተው እያለቀሱ ይቅርታ ጠየቁን። ከእንግዲህ በሣጥን ብቻ አንዘልቅም።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የሚገቡት፣ የካቲት ሁለተኛው ሳምንት ላይ። ይህ ለኛ ግቢ ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው ያውቀዋል፤ ሁሉም ጾመኛ ነው፣ ሁሉም ሰጪ ነው። ለዚያ ጊዜ ተዘጋጅተን በኢንተርኔት መውጣት እንፈልጋለን። አምና ሞክረን አልሆነልንም። ፌስቡክ ላይ ሦስት የሂሳብ ቁጥር ጽፈን ለጠፍን፤ በሳምንቱ አንድ ሰው ፎቷችንን ወስዶ የራሱን ቁጥር ለጥፎበት አገኘነው። ከዚያ የከፋም ነገር ደርሶብናል፣ እሱን ሲቀለኝ እጽፈዋለሁ።

በዚህ ነገር ያለፋችሁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩን። የትኛውን መንገድ እንያዝ? ምን እንተው?

ሀረጎ
ታኅሣሥ 18፣ ማታ 3፡42

እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ ሥራችሁን በሰው በሰው ሰምቻለሁ። እኔ የምለው ጎፈንድሚ፣ ማለትም በኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጽ ክፈቱ፤ ዲያስፖራው በካርዱ ይከፍላል፣ ሼር ይደረጋል። ሌላው ላይቭ ነው። በ2017 መቄዶንያ ለሕንፃው ማስጨረሻ በሰይፉ ፋንታሁን ዩቲዩብ በቀጥታ ስርጭት ሲያሰባስብ አይታችሁ የለም? ሌሊቱን ሁሉ ሰው ሲሰጥ አድሯል። ደሴም እንዲህ ዓይነት ነገር ይገባታል።

አሌክሳንድሪያ ያለሁ
ታኅሣሥ 19፣ ሌሊት 6፡05

ሀረጎ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ከልብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ባንክ ውስጥ ገንዘብ አያስገባም። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ከሚሠራባቸው አገሮች በአንዱ ነዋሪ መሆንና የዚያው አገር ባንክ ሊኖረው ይገባል። ፔይፓልም እንዲሁ ነው፤ ከኢትዮጵያ መላክ እንጂ መቀበል አይቻልም። ስለዚህ እዚህ አሜሪካ አንድ ሰው በስሙ ይከፍትና፣ በስሙ ያወጣና፣ በስሙ ይልካል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እኔ ለአንድ የታመመ የሰፈራችን ልጅ እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ። ገንዘቡ ተሰብስቦ እጄ ላይ 11 ቀን ቆየ፣ ባንኩ ስለያዘው። በነዚያ 11 ቀናት የሰማሁትን ሐሜት አልረሳውም። ልጁ ታከመ፣ ደረሰኙን ሁሉ ለጠፍኩ፤ ዛሬም ግን ዓይኔን የማያይ ሰው አለ። ስለዚህ ካደረጋችሁት አንድ ሰው ብቻውን አይክፈተው። ሁለት ሆነው ገና ከመጀመሪያው፣ ገንዘቡ በየት በኩል፣ በስንት ቀን፣ በማን ስም እንደሚሄድ ገጹ ላይ ይጻፉ።

ክፍያውንም እወቁት። አሜሪካ ውስጥ ጎፈንድሚ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 ከመቶ እና 30 ሳንቲም ይቆርጣል። 100 ዶላር የሰጠ ሰው 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው የሚቆረጥበት፤ 5 ዶላር ከሰጠ ሰው ግን 45 ሳንቲም ገደማ ይሄዳል፣ ወደ 9 ከመቶ ማለት ነው። ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ለመሰብሰብ የሚመች አይደለም።

የተሻለው መንገድ እዚህ በሕግ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ማኅበር ያላቸው የወሎ ልጆች ፈልጋችሁ በነሱ በኩል መሄድ ነው። ሰጪው ከግብሩ ስለሚቀነስለት የሚሰጠው ከፍ ይላል። ለግለሰብ ገጽ የሰጠ ሰው ያ አይደረግለትም።

የቃሉ ልጅ
ታኅሣሥ 19፣ ሌሊት 7፡30

አሰላሙ ዓለይኩም። ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ይህን የምጽፈው እህቶቼ እንዳይጎዱ ነው፤ እባካችሁ ሁላችሁም አንብቡት።

እዚህ ሳዑዲ ያለ ፈቃድ መዋጮ ማሰባሰብ በሕግ የተከለከለ ነው። ኤምሬትስም እንዲሁ። አገር ቤት ያሉ ማኅበራት ሳያውቁ «አንቺ አስተባባሪ ሁኚ፣ ከልጆቹ ሰብስበሽ ላኪልን» ይሉናል። በዋትሳፕ ግሩፕ ስም እየጻፈች፣ ብር እየተቀበለች የምትገኝ ልጅ ምን እንደሚደርስባት አስቡት። ወረቀት የሌላት ከሆነች ደግሞ ባሰ። ስለዚህ የሸዋ በሯ እህቴ፣ ወላሂ ብለሽ ቃል ግቢልኝ፦ ከዓረብ አገር አንዲትም ልጅ አስተባባሪ አታድርጉ።

መስጠት ግን እንሰጣለን። እኔ በየወሩ ለእናቴ በባንክ እልካለሁ፤ «ከዚህ ላይ ይህን ያህል ለእነ እንትና አስገቢ» እላታለሁ። እናቴ ኮምቦልቻ ባንክ ቤት ሄዳ ታስገባለች፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ሁላችንም እንዲህ ብናደርግ ማንም አይጎዳም።

ሰዓቱንም ልንገርሽ። የናንተና የኛ ሰዓት አንድ ነው፤ ግን እኛ ስልክ የምንይዘው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው፣ ሥራ ስንጨርስ። በረመዳንማ እስከ ስሑር ቆመን ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ላይቭ ብትገቡ አሜሪካ እኩለ ቀን ነው፣ ለነሱ ጥሩ ነው፤ እኛ ግን አናየውም። ለኛ በኋላ የምንሰማው ነገር አስቀምጡልን።

ቦርከና
ታኅሣሥ 20፣ ጠዋት 2፡15

ኮምቦልቻ ባንክ ቤት ነው የምሠራው፤ እንዲህ ዓይነት ሂሳብ በየቀኑ አያለሁ። የሸዋ በሯ፣ ሦስት ቁጥር መለጠፋችሁ ነው መጀመሪያ የጎዳችሁ። ሰው ሦስት ቁጥር ሲያይ አራተኛውን አይጠረጥርም፤ ሌባው በዚያ ገባ። ቁጥራችሁ አንድ ይሁን፣ ሁሌም ያው ይሁን፣ በማኅበሩ ስም ይሁን። በሰብሳቢዋ ወይም በአንቺ ስም በጭራሽ። ፈራሚ ከሁለት ሰው በታች አይሁን፤ ቢቻል አንዱ ከሥራ አመራሩ ውጭ ያለ የሰፈር ሽማግሌ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቴሌብርም በግል ስልክ አትቀበሉ። በድርጅት ስም የመቀበያ ሂሳብ ይከፈታል፤ ሰጪው ቁጥሩን ሲያስገባ ከመክፈሉ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣለታል። እያንዳንዱ ልጥፋችሁ ላይ «የሚመጣላችሁ ስም ይህ ካልሆነ አትክፈሉ» ብላችሁ ጻፉ። ይህች አንዲት መስመር ብቻዋን ብዙ ሌባ ትመልሳለች።

አንድ ሌላ ነገር፣ የኛ አገር ሰው በጣም የሚጠነቀቅበት። የዘካ ገንዘብ እንደ ተራ ሰደቃ አይያዝም። ለማን እንደሚሰጥ በቁርኣን ተለይቶ የተቀመጠ ነው፣ ስምንት ወገን። ሰውየው ዘካውን ሰጥቷችሁ እናንተ የግቢውን አጥር ብታሳጥሩበት፣ አማናውን አጠፋችሁበት ማለት ነው። ስለዚህ ለዘካ ለብቻው ከወለድ ነፃ ሂሳብ ክፈቱ። «አንድ ቁጥር» ያልኩትን እንዳያፋልስባችሁ፣ ይህን ቁጥር በይፋ አትለጥፉት፤ ዘካ መስጠት እፈልጋለሁ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ብቻ ስጡት። ሌላው ሰው ሲያስገባ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ «ሰደቃ» ወይም «ስለት» ብሎ እንዲጽፍ ንገሩት። እኛ ስንመዘግብ ይታየናል፣ እናንተም ወር ሲዘጋ ትለያላችሁ።

በጎን ገበያ የሚላክ ዶላርም አትቀበሉ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም ቢሆን በጎን የሚልክ ሰው አለ፤ ጥቂት ብር ይጨምርላችኋል፣ ነገር ግን ከየት መጣ ሲባል የምታሳዩት ወረቀት የለም።

የሆጤ ልጅ
ታኅሣሥ 20፣ ቀን 7፡50

እኔ ሰጪ ነኝ፣ በሰጪነቴ ልናገር። ባለፉት ሁለት ዓመታት በኢንተርኔት ላየኋቸው ሁለት ማኅበራት ሰጥቻለሁ። ለአንደኛው በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተደውሎልኛል፣ እስክሰጥ ድረስ። ከሰጠሁ በኋላ ግን አንድም ቃል የለም። ሕንፃው ተሠራ? ልጆቹ በሉ? የማውቀው ነገር የለም። ከአንድ ዓመት በኋላ ስልኬ ሲጮህ እንደገና እነሱ ናቸው፣ እንደገና ስጥ ነው።

ብሩ አልቆጨኝም። የቆጨኝ እንደ ሰው አለመቆጠሬ ነው። እድሬ ውስጥ በወር የምከፍለው ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ግን ዓመት ሲሞላ ጸሐፊው ቆሞ መዝገቡን ያነባል፣ የማይገባኝን እጠይቃለሁ። ለእናንተ ከዚያ ከፍ ያለ ገንዘብ ስሰጥ ለምን ያነሰ ይደረግልኛል?

የሸዋ በሯ
ታኅሣሥ 20፣ ማታ 4፡00

የሆጤ ልጅ፣ የተናገርከው ልቤን ነክቶታል። እኛም ያንን አድርገናል። አምና የሰጡንን ሰዎች ስም ደብተር ላይ ጽፈን ደብተሩን ዘጋነው፤ ለአንዳቸውም አልደወልንም።

ያልኳችሁን የከፋ ነገር አሁን ልጻፈው። አምና የለጠፍነው ፎቶ የአንድ አባት ነበር። ጥር ነበር፣ ጠዋት፣ የደሴ ብርድ። ፎቶ ሊያነሳ የመጣው ልጅ «ጋቢውን ያውልቁት፣ ሸሚዙ ይታይ» አላቸው፤ ሸሚዛቸው ትከሻው ላይ ተቀዶ ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ዝም አልኩ። ሰውየው አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። ፎቶው ብዙ ሼር ተደረገ። በአራተኛው ቀን ጅዳ ካለች ሴት ስልክ ተደወለ። ልጃቸው ናት። በየሁለት ወሩ በዘመድ በኩል ትልክ ነበር፤ ዘመዱ አያደርስም ነበር፣ እሷ ግን አታውቅም። አባቷን በስልኳ አየቻቸው፣ አሠሪዋ አጠገብ ቆማ እያየች። «አባቴን በዓለም ፊት ለማኝ አደረጋችሁብኝ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፎቶውን አጠፋን፤ ግን ሌሎች ገጾች ላይ አሁንም አለ።

አባትየው ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ተናግረውኝ አያውቁም። ከዚያ ወዲህ ግን ስልክ ያወጣ ሰው ሲያዩ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። ስለዚህ ዘንድሮ ያለ ፎቶ መሥራት እፈልጋለሁ። ይቻላል ወይ? ፎቶ የሌለው ልጥፍ ሰው አያየውም የሚሉኝ አሉ።

ላኮመልዛ
ታኅሣሥ 20፣ ማታ 4፡45

ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ለክበባችን ቪዲዮ የምሠራው እኔ ነኝ። ይቻላል። ፊት ሳይታይ ብዙ የሚታይ ነገር አለ፦ ምጣዱ ላይ የሚወጣው እንጀራ፣ ዱቄት የሚለካበት ጣሳ፣ በር ላይ የተደረደሩት 43 ጫማዎች፣ የገንዘብ ያዧ ደብተር። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይለፍ።

ላይቭ ከሆነ መብራት ይጠፋል ብላችሁ ነው መነሣት ያለባችሁ። ሁለት ስልክ፣ የሞላ ፓወር ባንክ፣ ቀድሞ የተቀዳ ቪዲዮ ያዙ። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ምንም ማድረግ ያልቻሉ ማኅበራት አይቻለሁ፤ የሰጪዎቻቸው ስልክ ቁጥር እንኳ ገጹ ውስጥ ነበር የነበረው፣ ወረቀት ላይ አልገለበጡትም። የናንተን ዛሬውኑ ደብተር ላይ ገልብጡት። በቲክቶክ ጊፍት ግን አትሰብስቡ፤ ግማሽ ያህሉን ድርጅቱ ያስቀረዋል። ሰዉ ለአረጋውያን የሰጠ መስሎት ነው የሚሰጠው።

ጡረተኛው መምህር
ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት 1፡20

ልጆቼ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሸዋ በሯ ልጄ፣ ዝም ያልሽበትን ነገር በሰው ፊት መናገርሽ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በኛ አገር ሰጪ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይሄዳል ወይ? ሰደቃ ስናወጣ፣ ዝክር ስናበላ፣ የበላው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሳይመርቅ ማን ከግቢ ይወጣል? ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። የሰጠው ሰው ምርቃቱን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። እናንተ በኢንተርኔት ስትወጡ ሽማግሌውን ተቀባይ ብቻ አደረጋችሁት፤ የሚሰጠውን ነገር ወሰዳችሁበት። የሆጤ ልጅ የተሰማው ባዶነትም ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ስለዚህ ፎቷቸውን ተዉት። ድምፃቸውን ውሰዱ፣ እነሱ ከፈቀዱ። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት፣ በገዛ ቃላቸው፣ በገዛ ሃይማኖታቸው ይመርቁ። ከፊቱ ወይም ከኋላው የሳምንቱ ሂሳብ ይነበብ። የቃሉ ልጅ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ብትከፍተው ይጠብቃታል።

ላኮመልዛ
ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት 2፡05

መምህር፣ ይህ በቴክኒክም ጥሩ ነው። የሁለት ደቂቃ ድምፅ በቴሌግራም ከቪዲዮ በጣም ያነሰ ዳታ ነው የሚበላው። ኔትወርክ ደካማ በሆነ ቀንም ይሄዳል። ነፋሱ እንዳይገባ ክፍል ውስጥ ቅዱት፣ ስልኩን ጋቢ ላይ አስቀምጡት።

አድራጊ 1113
ታኅሣሥ 21፣ ቀን 9፡30

በሲቪክ ማኅበራት ዙሪያ ለዓመታት የሠራሁ ነኝ፤ ባጭሩ ልጨምር። የ2001ዱ አዋጅ 621 ተሽሮ ከ2011 ጀምሮ አዋጅ 1113 ነው የሚሠራው። አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 ከመቶ እንዳያልፍ ይላል። ስለዚህ የዳታውን፣ የስልኩን፣ የቀረጻውን ወጪ ከመጀመሪያው ቀን ለይታችሁ መዝግቡ። ዘመቻውን ከመጀመራችሁ በፊት የመዘገባችሁን ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፤ የገባበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ ያዙ። አንድ ሰው «ፈቃድ አላችሁ?» ሲል ወዲያው የምታሳዩት ነገር ይኑራችሁ።

የሆጤ ልጅ
ታኅሣሥ 21፣ ማታ 2፡40

እንዲህ ከሆነ እኔ አለሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ አልችልም፤ በየወሩ 200 ብር ግን እችላለሁ። እንደ እኔ 60 ሰው ብታገኙ በወር 12,000 ብር ነው፣ ቁርጡ የታወቀ። አንድ ትልቅ ሰጪ ቢሄድባችሁ ምን እንደሚሆን ዘንድሮ አይታችሁታል። ቦርከና፣ ባንካችሁ በየወሩ በራሱ እንዲያስተላልፍ ማዘዝ ይቻላል አይደል?

ቦርከና
ታኅሣሥ 21፣ ማታ 2፡55

ይቻላል። ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ይባላል፤ አንድ ጊዜ ቅርንጫፍ መጥተህ ትፈርማለህ። ደሞዝ የሚገባበት ቀን ማግስት አድርገው።

የሸዋ በሯ
መጋቢት 21፣ 2018፣ ማታ 3፡30

ከብዙ ዝምታ በኋላ ተመለስኩ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ደብዳቤውን አስገባን፣ ሂሳቡን ወደ አንድ አመጣነው፣ ለዘካው ለብቻው ከፈትን። ከዚያ ምንም ሳንለጥፍ በፊት አምና የሰጡንን ሰዎች ከደብተሩ እያወጣን ለሦስት ሳምንት ደወልን፤ ብር አልጠየቅንም፣ ያኔ የሰጡት ምን ላይ እንደዋለ ብቻ ነገርናቸው። አንዲት ሴትዮ «ደግሞ ልትጠይቂኝ ነው ብዬ ላላነሣው ነበር» አሉኝ። አሁን በየወሩ የሚሰጡ 58 ሰዎች አሉን፣ ከነሱ 30ዎቹ ከዚያው ደብተር የወጡ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ያለው ወንድማችን ደግሞ እዚያ ካለ የተመዘገበ ማኅበር ጋር አገናኝቶናል፤ ገና አልተቋጨም።

አንድ ላይቭ ሞከርን፣ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት። በ40ኛው ደቂቃ መብራት ሄደ፣ የተቀዳውን ለቀቅነው። ያመጣው ገንዘብ ብዙ አልነበረም። የዱቄቱ ነገርም ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፤ የግማሹ ወር ገና በሣጥን ነው።

ድምፁን ግን ልንገራችሁ። በየሐሙስ ማታ መልቀቅ ጀመርን። መጀመሪያ እኔ ሂሳቡን አነባለሁ፦ ይህን ያህል ገባ፣ ለሽሮ ይህን ያህል፣ ለመድኃኒት ይህን ያህል፣ ይህን ያህል ቀረ። ቀጥሎ ምርቃት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንዲት እናት መረቁ። በሦስተኛው ሐሙስ እኔ ስልኩን ጋቢው ላይ ሳስቀምጥ በሩ ላይ ሰው ቆሞ አየሁ፤ ያ ፎቷቸውን ያነሣናቸው አባት ናቸው። «እኔም ልበል?» አሉ። ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ማንም እንደማያያቸው ያውቃሉ፤ ግን ዘረጉት። «እጃችሁ አይጠር፣ የሰጣችሁበት አይጉደል፣ በሰው አገር ያላችሁትን ለአገራችሁ ያብቃችሁ፣ የወለዳችሁትን ያሳያችሁ» አሉና ትንሽ ቆይተው «አሚን በሉ» አሉ። እኔ ብቻ ነበርኩ ክፍሉ ውስጥ፤ አሚን አልኩ።

ድምፁን ጅዳ ላለችው ልጃቸው ላክሁላት። አሁን በቀጥታ በአባቷ ስም በተከፈተ ሂሳብ ትልካለች። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፣ ስልኩን የምይዝላቸው እኔ ነኝ።

የቃሉ ልጅ
መጋቢት 22፣ ሌሊት 7፡15

አልሐምዱሊላህ። ሳህን እያጠብኩ ነው የሰማሁት፣ አሚን ብያለሁ። እናቴ ነገ ባንክ ቤት ትሄዳለች። እህቴ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ለአባቴ አንድ ዱዓ ታስደርጊልኛለሽ? ዓመቱ ነው።

የሸዋ በሯ
መጋቢት 22፣ ጠዋት 1፡05

አብሽሪ እህቴ። ስሙን በውስጥ ላኪልኝ፤ ለሐሙስ እነግራቸዋለሁ።